በጓሮዬ የሠራሁት ማማ

ባለቤቴ ሥራው ግንባታ ነው። የሰው ቤት ሲሠራ አሠሪው በገዛለት ብረት ልክ ይሠራል። የራሳችንን ቤት ቆቦ አስፋልት ዳር ሲሠራ ግን ተው የሚለው ሰው አልነበረምና፣ በምድር ቤቱና በፎቁ መካከል ባለው ሶሌታ ውስጥ ያሰረው ብረት ለድልድይ ይበቃ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ፎቅ ያወጣውና ወለሉን በተረከዙ መታ መታ እያደረገ፣ «እዚህ ላይ የእህል መኪና ከነጭነቱ ቢቆም ንቅንቅ አይልም» ይለዋል። እኔም «መኪናው በየት በኩል ይወጣል?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ያ ብረት ውሎ አድሮ የእኔ ባላንጣ እንደሚሆን አላወቅኩም።

ምድር ቤቱ ሱቄ ነበር፤ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የተማሪ ውጤት ማየት፣ የማመልከቻ ፎርም መሙላት። ለዚሁ ሥራ ብዬ የኢንተርኔት መስመር አስገባሁ። ሱቁ ውስጥ እንደ ልብ ይሠራል። ደረጃውን ወጥቼ ፎቅ ስደርስ ግን ስልኬ ላይ ካሉት የሲግናል መስመሮች አንዱ ብቻ ይቀራል፤ በጓሮ በኩል ወዳለው የኋለኛው ክፍል ስገባ እሱም ይጠፋል። ለብዙ ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ሳፈጥ ውዬ ማታ ደግሞ ፎቅ ላይ ኢንተርኔት ምን ያደርግልኛል? ነገሩ የተለወጠው አባቴ ያንን የኋለኛውን ክፍል ሲይዝ ነው።

አባቴ ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው ቆላ የሚኖር ገበሬ ነበር፤ በአካባቢውም የታወቀ አስታራቂ ሽማግሌ። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሳይቀር አንድ ገበታ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከተማ ገብተህ ከእኔ ጋር ኑር ብዬ ብለምነው እሺ አላለም። በዚያ ዕድሜው ማሽላውን ከግሪሳ ወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ እየወጣ ወንጭፍ ያወናጭፍ ነበር። ማማ ማለት ማሳው መሐል አራት እንጨት ተተክሎ፣ ከማሽላው ራስ በላይ የሚሠራ መቀመጫ ነው፤ ማሽላ እሸት ሲይዝ የራያን ሜዳ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ከየማሳው ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። አንድ ቀን ከዚያ ወደቀ። የዳሌው አጥንት ተሰበረ፤ ታከመ፤ ግን ከዚያ በኋላ ቆሞ መሄድ አልቻለም።

የኋለኛው ክፍል ነፋስ ያገኛል፤ በመስኮቱም ዞብል ይታያል። አራት ወንዶች ወንበር ላይ አስቀምጠው ደረጃውን አወጡት። ስንት ሰው ተነሥቶ ወንበር የሚለቅለት የነበረ ሰው፣ እንደ ዕቃ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲሸጋገር ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። አልጋው ላይ ካረፈ በኋላ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «ከዚህ ቤት ተሸክማችሁ የምታወርዱኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለው። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶናል፤ ቃሉን እንደማያጥፍም እናውቃለን።

አንድ ወንድም አለኝ፤ ታናሼ ነው። ሳዑዲ የሄደው አባቴ ለሽምግልና ሌላ ቀበሌ ባደረበት ሰሞን ነው። የቤቱን ሁለት የእርሻ በሬዎች ነድቶ ቆቦ ገበያ ሸጠ፤ ገንዘቡን ለደላላ ሰጠና በአፋር በረሃ ወደ ባሕሩ ወረደ። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ መንገዱን ስታይ ኖረች። ታማ ከተኛች በኋላ እንኳ ውሻ በጮኸ ቁጥር «እሱ ነው?» ትል ነበር። ሳታየው ሞተች። አባቴ የበሬዎቹን ነገር ምናልባት ይተወው ነበር፤ የእናቴን ግን አልተወውም። ከቀብሯ ወዲህ የልጁን ስም አንሥቶ አያውቅም። ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ሳስጠጋለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ወንድሜ እዚያ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ልምጣ ቢል እጁን ሰጥቶ፣ ስንት ጊዜ ታስሮ እንደሚቆይ ሳያውቅ ነው። አባቴ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ምግብ እየቀነሰ፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ሳይታረቁ ቢሞት ወንድሜ የአባት ቂም ተሸክሞ ሊኖር ነው። በእኛ አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ቢታመምበት፣ ሥራ ቢጠምበት፣ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ራሱም ያውቀዋል። እኔ ይህን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ያንን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ሮቢት የሚኖሩ አንድ የአባቴ ባልንጀራ ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላሞች ነን፤ ሁለቱ አብረው ሲያስታርቁ ነው ያረጁት። ሄጄ ለመንኳቸው። መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገበያው እያዞሩ ነገሩን ከሩቅ አመጡት። አባቴ መንገዱን ራሱ ሲሄድበት የኖረ ነውና ገና ከዝናቡ ላይ ገብቶታል።

«ሥርዓቱን ታውቀዋለህ» አላቸው። «ይምጣና ድንጋዩን ይሸከም።»

አባቱን የበደለ ልጅ ሽማግሌ አስቀድሞ ይመጣል፤ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ያጎነብሳል። የተበደለው ሰው «አውርዱለት» እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። አባቴ በሕይወቱ ስንቱን ሰው እንዲህ እንዳሸከመ፣ ስንቱንም እንዳስወረደ እኔ አልቆጥረውም።

«ባሕር ማዶ ሆኖ እንዴት አርጎ ይምጣ?» አሉ ባልንጀራው።

«እኔ ነኝ የላክሁት?»

በዚህ ጊዜ ነው የገባሁበት። «አባ፣ በኮምፒውተር ብታየውስ? ድንጋዩን ተሸክሞ እያለ ብታየውስ?»

አባቴ ዞብልን እያየ ቆየ። «እኔ ካየሁት፣ እሱም ካየኝ፣ ስናገር ከሰማኝ፣ ምን ቸገረኝ» አለ በመጨረሻ።

ያገኘሁት ፈቃድ ይኸው ነው። ግን ከአባቴ አፍ ወጥቷል፤ ከእሱ አፍ የወጣ ደግሞ አይመለስም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠቤ ከአባቴ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከሲግናሉ ጋር ሆነ።

መጀመሪያ የሱቁን ላፕቶፕ ይዤ ወጣሁና ለወንድሜ ደወልኩ። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ የወንድሜ ግንባር ብቅ ይልና ይደርቃል። አባቴ «ይሄ የማን ግንባር ነው?» አለኝ። በሲም ካርዱ ሞከርኩ፤ በዚያን ጊዜ በእሱ ድምፅ እንጂ ምስል አይመጣም። ወንድሜን፣ «ራስህን ቀርጸህ ላክልኝ» አልኩት። ቪዲዮውን ሱቅ ውስጥ አወረድኩት፤ ፎቅ አውጥቼ ለአባቴ አሳየሁት። ወንድሜ ሦስት አራት ሆነው ከሚኖሩበት ክፍል ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ አጎንብሶ፣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ይታያል። አባቴ አንገቱን አስግጎ አየው። የልጁን ፊት ስንት ዓመት ሳያይ ከርሞ!

«ይሄ ብሎኬት ነው» አለ። «ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው።»

«አባ፣ እዚያ ከተማ ድንጋይ አጥቶ ነው…»

«ደሞስ ይሄ የትናንት ነው። እኔ አሁን አውርደው ብለው ይሰማኛል?»

አይሰማም። ላፕቶፑን ዘግቼ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። በአባቴ አልተናደድኩም፤ እውነቱን ነው። የተናደድኩት ከእግሬ ሥር እንደ ዓለት በተኛው ሶሌታ ነው። ከላይ አባቴ፣ ከታች ኢንተርኔቱ፣ መካከላቸው የባሌ ኩራት። ያን ዕለት ይሄን ነገር ፎቅ ሳላወጣው እንደማልቀር ለራሴ ማልኩ።

የመጀመሪያውን ጥፋት ያገኘሁት እዚያው ሱቄ ውስጥ ነው። ኢንተርኔቱን የሚያሠራጨውን ራውተር ሌባ እንዳይወስድብኝ ብዬ የብረት ሣጥን አሠርቼለት፣ በቁልፍ ቆልፌ ነበር ያስቀመጥኩት። እኛ ዘንድ የከበረ ነገር ይቆለፍበታል፤ የእናቴ ስኳር እንኳ ሣጥን ነበረው። ብረት ሲግናል እንደሚያፍን ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩ ሴትዮ፣ የራሴን በብረት ዘግቼበት ዓመታት ኖርኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ሣጥኑን አውጥቼ ጣልኩት፤ ራውተሩን ከፍ አድርጌ ከኋላ በሩ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ፎቅ ያለው አንዱ መስመር ሁለት ሆነ። የአባቴ ክፍል ግን እንደ ጨለመ ቀረ።

ባለቤቴን «ሶሌታውን ብሳልኝና ገመድ ላሳልፍ» አልኩት። ልጅህን ረግጠህ ግደልልኝ ያልኩት ነው የመሰለው። «ይሄ ሶሌታ አይበሳም!» አለ። ስለዚህ የኔትወርክ ገመድ ወልዲያ አስገዝቼ በውጭ በኩል፣ በግድግዳው ላይ አዙሬ ወደ መስኮቱ አወጣሁት። ሠራ! አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሠራ። ወንድሜ ሥራ ላይ ስለነበር ለዓርብ ቀጠሮ ያዝን። ዓርብ ሳይደርስ አይጥ ጎን ለጎን ሦስት ቦታ ቀረጠፈው። ወልዲያ ያለው ባለሱቅ ያን የሚያህል ረጅም ገመድ ሌላ የለኝም አለ። ባለቤቴ «የቆጡን አወርድ ብላ…» ብሎ ተረቱን ሲጀምር ፊቴን አይቶ ሳይጨርሰው ተወው።

ከዚያ ሪፒተር የሚሉትን ዕቃ ደሴ ከሚመላለስ ሰው አስመጣሁ። መዳፍ የምታህል ናት፤ ከራውተሩ የመጣውን ተቀብላ ወደ ፊት ታቀብላለች። በደስታ ወስጄ አባቴ ራስጌ ሰካኋት። አረንጓዴ መብራቷ በራ፤ ስልኬም ሲግናሉ ሙሉ ነው አለኝ። ደወልኩ። ክቧ ምልክት እንደ ድሮዋ ትዞራለች። ሁለት ቀን ስታገላት ዋልኩና ነው የገባኝ። ክፍሉ ውስጥ የሚደርስ ነገር ከሌለ እሷ ምን ታቀብል? ወሬ አቀባይ እንኳን መጀመሪያ ወሬውን መስማት አለበት። እኔ የሰካኋት ምንም ከማይሰማበት ቦታ ነው። መቀመጥ ያለባት የሱቁን በርም የአባቴን መስኮትም ከምታይበት ነበር።

ያ ቦታ የት ነው? ከሱቁ የኋላ በር ወጥቼ ስልኬን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ጓሮውን መዞር ያዝኩ። ጎረቤቴ በአጥሩ አሻግራ አይታኝ፣ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ኢንተርኔት።»

«ጓሮ ነው የጣልሽው?» አለችኝ። ሳልወድ ሳቅኩ።

ጓሮው ውስጥ መሬት ላይ ስቆም ከሱቁ በር የሚወጣውን ስልኬ ደህና አድርጎ ይይዛል። ወደ አባቴ መስኮት ግን ሶሌታው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ስለቆመ ከሥር ይጋርደዋል። ከአጥሩ ላይ ብሰቅላት አጥሩ አጭር ነው፤ ደረጃው ደግሞ በመንገዱ በኩል ነው። የሚፈለገው ጓሮው መሐል፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ከመስኮቱ በታች ነው። አየር ላይ ማለት ነው! ቀና ብዬ አየር አየሁ። አባቴ መስኮቱ ሥር ካለው አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ፣ ዐይኑን ከእኔ በላይ አሳልፎ ወደ ቆላው ያያል። ምን እንደሚያይ ዞር ብዬ ባይ፣ ከከተማው ዳር የሰው ማሽላ አለ፤ ማሽላው መሐል ማማ ቆሟል።

እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። ስንት ቀን ሙሉ ከፊቴ ቆሞ!

ባለቤቴ ሐሳቤን ሲሰማ ዐይኑ በራ። «ለዚህማ የኮንክሪት ዓምድ ላቁምልሽ፤ አራት ባለ አሥራ ስድስት ብረት…»

«ብረትህን አርቅልኝ!» አልኩት። «እንጨት ነው የምፈልገው።»

አራት የባሕር ዛፍ አጣና ገዛሁ። ጉድጓዱን እሱ ቆፈረ፤ ሌላውን እኔ አሠርኩ። አባቴ በመስኮቱ እያየ ሁለት ቀን ምንም አላለም። ያ ሰው ከእንዲህ ያለ ነገር ላይ ወድቆ ነው የተሰበረው፤ ይከፋው ይሆን እያልኩ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ወለሉን በእንጨት መረብረብ ስጀምር ግን አልቻለም።

«አንች ልጅ! ግሪሳ ከተማ ገባ እንዴ?»

«ግሪሳ አይደለም፣ አባ። ለልጅህ ነው።»

ስሙን ባላነሣም «ልጅህ» ስል ፊቱን አላዞረም። ይልቁንም፣ «ያችኛዋ እግር ላልታለች፤ ድንጋይ ወሽቂባት» አለኝ። ስለ ማማው የነበረኝን ፍርሃት ያን ጊዜ ተውኩት።

ሪፒተሯን ከዝናብ በፕላስቲክ ሸፍኜ ማማው ላይ አሠርኳት፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን ከሱቁ አሻግሬ አመጣሁላት። ፎቅ ወጥቼ ደወልኩ። ወንድሜ ብቅ አለ። ግንባሩ ብቻ አይደለም፤ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ከኋላው የተሰቀለው ልብሱ ሳይቀር። «እህቴ፣ ከስተሻል» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ እየዘለልኩ አልሃምዱሊላህ አልኩ። አባቴ ተኝቶ ነበር፤ ወይም የተኛ መስሏል።

ወንድሜም ሥራውን ሠርቶ ነበር። ከከተማው ወጥቶ፣ ከተራራ ሥር ጥቁር ድንጋይ ፈልጎ፣ በጓደኛው መኪና አምጥቷል። ሆዱ ባዶ ያልሆነ ድንጋይ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቀጠሮ ሆነ። የአባቴ ባልንጀራ ከሮቢት በሚኒባስ መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ለታላቅ ሽምግልና እንደሚሄዱ ሁሉ። አባቴ ጥምጥሙን አምጪ አለኝ። ከተሰበረ ወዲህ ጠምጥሞ አያውቅም። ባለቤቴ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አድርጎ ከአልጋው ፊት አስተካከለ። ደወልኩ፤ ወንድሜ ታየ። ከጓደኞቹ አንዱ ድንጋዩን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጫነለት። አጎነበሰ። ባልንጀራው ቆመው፣ ሥርዓቱ በሚያዘው መንገድ መናገር ጀመሩ፤ ልጁ መበደሉን እንደሚያምን፣ ስለ ፈጣሪ ብሎ አባቱ እንዲምረው። አባቴ ከምስሉ ላይ ዐይኑን አልነቀለም።

ነፋስ ተነሣ። እኛ ቆላ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ለማንም ይሉኝታ የለውም። ከጓሮ አንድ ነገር ሲጋጭ ተሰማ፤ ወዲያው የወንድሜ ምስል ደረቀ። ድንጋዩ ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ቀና ብሎ አባቱን እንዳየ፣ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አሉ ባልንጀራው።

«ተቋረጠ» አለ ባለቤቴ።

አባቴ ወደ ትራሱ ተመለሰ። «እንግዲህ አውርዶታል» አለ፤ የመረረ ድምፅ ነበር። «ማን ያየዋል ብሎ ይሸከማል?»

ያቺን ቃል ሰምቼ ነው የሮጥኩት። በመንገዱ በኩል ያለውን ደረጃ ወርጄ፣ ሱቁን ሰንጥቄ፣ ጓሮ ደረስኩ። ማማው ቆሟል፤ ሪፒተሯ ግን ከማሠሪያዋ ተፈትታ በገመዷ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ። ስይዛት መብራቷ ጠፍቷል። የቻርጀሯ ቀጭን ጫፍ ከሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ላልቷል፤ ብሰካው አይዝም። እያገላበጥኩ፣ እየነፋሁ፣ እየጫንኩ፣ እየለመንኩ ታገልኳት። በጥርሴ እንኳ ይዣት ነበር። በመጨረሻ ጫፉን ወደ አንድ ጎን ገፍቼ በአውራ ጣቴ ስጫነው መብራቷ በራ። ስለቀው ጠፋ። ተጫንኩት፤ በራ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ማማው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጫፉን ተጭኜ፣ ሪፒተሯን ወደ አባቴ መስኮት አቅንቼ ያዝኳት። እንደ አዲስ እስክትነሣ፣ ራውተሩን እስክታገኝ የፈጀችው ጊዜ ለእኔ ዓመት ነበር።

ከማማው ላይ ሆኜ መስኮቱ ይታየኛል። የአባቴ ጥምጥም፣ የባለቤቴ ጀርባ፣ የሮቢቱ ሽማግሌ በትር። ላፕቶፑ ግን አይታየኝም። ነፋሱ ማማውን ያወዛውዘዋል። አውራ ጣቴ ደነዘዘ። አውርዶት ቢሆንስ? ሰው ነው፤ ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ምስሉም ጠፍቷል። አውርዶት ሲገኝ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

«አለ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ የሽማግሌው ድምፅ ነው። «በማርያም፣ አለ! ትከሻው ላይ አለ!»

ወንድሜ በኋላ ነገረኝ። እሱም ዘንድ ምስሉ ቆሟል፤ ግን የቆመው የአባቴ ዐይን ቀጥ ብሎ እሱን ሲያይ ነው። ጓደኞቹ ተቋርጧል፣ አውርደው ብለውታል። «አባ እያየኝ እንዴት ላውርደው?» አለኝ። እዚያው እንዳጎነበሰ፣ ላቡ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ጠበቀ።

እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም። የማየው የአባቴን ጥምጥም ብቻ ነው። ጥምጥሙ ከትራሱ ተነሣ። አንድ እጁ የመስኮቱን ብረት ጨበጠ፤ ያ ከወደቀ ጀምሮ ሰው ሳይደግፈው ቁጭ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ በዚያች እጁ ራሱን ጎትቶ ቁጭ አለ። ሌላው እጁ ወደ ላፕቶፑ ተዘረጋ።

«አውርዱለት!» አለ። ያ የሳሳ ድምፁ ጓሮ ድረስ መጣ። «ምን ታያላችሁ? አውርዱለት እንጂ! ልጄን ትከሻውን ቆረጠው!»

ባለቤቴና ሽማግሌው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማን ያውርድለት? ወንድሜ ያለው ባሕር ማዶ ነው። አባቴ ግን ደጃፉ ላይ ያለ ነው የመሰለው። የሚሰማው ሲያጣ ወደ መስኮቱ ዞረና እኔን አየኝ።

«አንች ልጅ! እዚያ ምን ታረጊያለሽ? ወንድምሽ ነው፤ ሂጅ አውርጅለት!»

«አባ!» አልኩ፤ እንባዬን ነፋሱ ፊቴ ላይ ይበትነዋል። «እኔ ከለቀቅኩት እሱ ይጠፋል!»

እጄን አየ። ማማውን አየ።

«እንግዲያማ ያዥው» አለኝ። «አብሽሪ። ያዥው፣ እንዳትለቂው።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ላፕቶፑ መለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ምን እንዳለው ከማማው ላይ አልሰማሁም። ባለቤቴ በኋላ ሊነግረኝ ሲሞክር እኔው ከለከልኩት፤ ለሁለቱ የተባለ ነው። ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ ወደ ደጋው ስትጠልቅ፣ ጎረቤቴ በአጥሩ አሻግራ «አገኘሽው?» ስትለኝ፣ መስኮቱ ውስጥ መብራት ሲበራ፣ እነሱ ገና ያወራሉ። አውራ ጣቴ የእኔ አልመስል ብሎኛል። እስኪጨርሱ ድረስ አልለቀቅኩትም።